የትንሹ መንግሥት ግምገማ

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእድላዊት፣
ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። የአርባው ምንጭ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ እንደ ውሃው ሳያቋርጥ ይከተልሽ። እናትሽ ወርቂቱ ደህና ናት፤ ከሄድሽ ወዲህ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች እንጂ ሌላ የሚታይባት ነገር የለም። የእኔም ጉልበት ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል፤ በሚኒባስ እየሸነገልኩት አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሠራል ብለሽ መሳቅሽ አይቀርም። ሳቂ። በስልክ ግን ሁሉም ሰው ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት በፕላን ሠራተኝነት ስኖር «ሥራው በእቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» ተብዬ ወርጄ ሳየው ድልድዩ ገና የድንጋይ ክምር የሆነበትን ጊዜ አልረሳም። ስለዚህ ደህንነትሽን ለእናትሽ በስልክ ንገሪያት፣ እውነቱን ለእኔ በወረቀት ጻፊልኝ። የሰፈራችን ልጅ ዮናስ ለንግዱ በእኛና በእናንተ መካከል እየተመላለሰ ስለሆነ አድራሽ አናጣም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አንቺ ባል ቤት የገባሽውና ያ አገር አዲስ መንግሥት ያቆመው በአንድ ወር ነው፤ በሰኔ። አሥር የሚሆኑ ፓርቲዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ጥምር መንግሥት መሠረቱ ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያንቺ ጥምር መንግሥት ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ ነው። ባልሽን ባርኮትን በፎቶና በስልክ ብቻ ነው የማውቀው። ሽማግሌ የላከው በእናቱ ወንድም በኩል ነበር፤ አባቱ አቶ ዳና እዚሁ ካምባ ተቀምጠው ሳሉ አልመጡም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። አባትሽ ሲያርፍ «እድሌን አደራ» ያለው እኔን ነው። ደስ ብሎሽ እየኖርሽ መሆኑን ማወቅ አለብኝ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ደብዳቤ ደግሞ በሰው ሻንጣ ሲሄድ ሊከፈት ይችላል፤ ባልሽም አማርኛ አንባቢ ነው። ስለዚህ ስለ ባርኮት መጻፍ ስትፈልጊ ስለ መንግሥት ጻፊ። የአገሩን መንግሥት «ትልቁ መንግሥት» በይው፣ ባልሽን «ትንሹ መንግሥት»። የከፈተው ሰው ቢኖር አንድ ጡረተኛ ከእህቱ ልጅ ጋር ፖለቲካ ይጫወታል ብሎ ያልፋል። የምፈልገው ደንበኛ ግምገማ ነው፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። በኢኮኖሚው በኩል፣ የሱቁ ቁልፍ በማን እጅ ነው? አንድ ነገር ጎደለኝ ስትዪ ፊቱ ምን ይመስላል? በውጭ ግንኙነቱስ? ከጎረቤት ይስማማል ወይ? የኛ ነገር ሲነሳ ይሰማል ወይስ ይነሳል?

«መንግሥቱ ወድቋል» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ማብራሪያ አልጠይቅም፤ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ገንዘብ እንዳትልኪ። ወሬ ላኪ።

አጎትሽ ዘሚካኤል


መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሩስተንበርግ

ለአጎቴ ለጋሽ ዘሚካኤል፣

እግዜር ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዕድሜዎንም ያርዝምልኝ። የእማን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ጨውም ትቀንስ ይበሏት። የላከችው ዳጣ ደርሶኛል። ዮናስ ሻንጣው ውስጥ ስለፈሰሰበት ሸሚዞቹ ሁሉ ቀልተው ነው የገቡት፤ ግን አልተቀየመኝም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ግምገማ በሁለት ሳምንት አይሠራም ብዬ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝ ነገር ነው።

ከትልቁ መንግሥት ልጀምር። ደንበኞቻችን ሁለት ነገር ነው የሚሉት። መብራት አይጠፋም፤ ከዚህ በፊት በቀን ብዙ ሰዓት ይጠፋ ነበር አሉ፣ አሁን ማቀዝቀዣችን ያለ ሐሳብ ይሠራል። ሥራ ግን የለም፤ ወጣቱ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በውጭ ጉዳይ ፓርቲዎቹ አልተስማሙም፤ አንዱ ወዳጅ ያለውን አገር ሌላው አይወደውም። ሎኬሽን ውስጥ፣ ማለቴ ድሃው በሚኖርበት በዚህ ሰፈር፣ የውጭ ጉዳይ ማለት እኛ ነን። ሱቅ የያዝነው የውጭ ዜጎች ነና።

አሁን ወደ ትንሹ መንግሥት። ቁልፉን በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሰጥቶኛል፤ እጄ ላይ አስቀምጦ ዕቃ ሊያወርድ ሄደ። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ብርድ ነው። በርዶኛል አላልኩም፤ አንድ ማታ ስገባ ግን አልጋው ላይ አዲስ ብርድ ልብስ አገኘሁ፣ የራሱ አሮጌው ነው። በሃይማኖት በኩል የእኔን የመስቀል በዓል አያከብርም፤ ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ ግን ከጆሃንስበርግ ካሉት የአገር ልጆች ያለ ምንም ክርክር አስመጣልኝ። «ዮ ማስቃላ» እያልኩ የአገራችንን የበዓል ሰላምታ ብቻዬን ስጮህ ከመደርደሪያው ኋላ ሳቀ።

ደካማ ጎኑን ልንገርዎት። አይናገርም። ስድስት ዓመት ብቻውን ኖሮ ቆሞ መብላት ለምዷል፤ ሳህኑን መሸጫው ላይ አድርጎ በሩን እያየ ይጎርሳል። ሁለተኛ ወንበር ገዝቼ አጠገቤ አስቀመጥኩ። ብዙ ቀን አልፎት ሄደ። ባለፈው ሳምንት ተቀመጠ። ምንም እንዳልሆነ መስዬ ወጥ ጨመርኩለት።

ስለ አባቱ አንድ ጊዜ ጠይቄው «ሳልመረቅ ነው የወጣሁት» አለኝ። ወደዚህ ሊመጣ ሲነሳ አቶ ዳና «አትሂድ» ብለውታል፣ እሱ ሄደ። ለእናቱ ሲደውል እሳቸው ከቤት ይወጣሉ አሉ። ድምፃቸውን ከሰማ ስድስት ዓመት ሆነው። በመስቀል ዕለት ስልኩን ይዞ ቆይቶ ሳይደውል ኪሱ ከተተው። አየሁት፣ ግን አላየሁም።

የምትወድዎ፣
እድላዊት


ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሴቻ

ለልጄ ለእድላዊት፣

ካለሽበት ሆነሽ ምርቃቴ ይድረስሽ፤ የነካሽው ይባረክ፣ ያሰብሽው ይቅና። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእናትሽ የብርድ ልብሱን ክፍል ብቻ አነበብኩላት፤ ማልቀስ ስትጀምር ወረቀቱን አጠፍኩ።

የወንበሩ ነገር ደስ ብሎኛል። ጠንካራ ጎኑን መዝግቤአለሁ።

የእኛው አገር ትልቁ መንግሥት በሐምሌ ዶላሩን ለቀቀው፤ ዘይቱም ተከትሎ ተለቀቀ። ሲቀላ ገበያ ላይ ሻጩ ሁሉ ኢኮኖሚስት ሆኗል። የሽንኩርት ዋጋ ለምን ጨመረ ብለሽ ብትጠይቂ ስለ ምንዛሪ ያስረዳሻል። የብድሩ ድርድር፣ የባህር በሩ፣ የጎረቤቱ ኩርፊያ፣ ሁሉም በሙዝ ጭነት ላይ ተቀምጦ ይተነተናል። እኔ የምለው አንድ ነው፤ ማንኛውም መንግሥት በመጀመሪያው ወራት መልካም ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም። ግን አባቱን ስድስት ዓመት ያኮረፈ ሰው ኩርፊያ ያውቅበታል ማለት ነው። በእኛ በጋሞ ሳይመረቅ ከቤት መውጣት ጎሜ ነው፤ ነውርም ነው፣ መዘዝም አለው። አያምንበትም ይሆናል፤ ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ አለ። ዝም የሚል ሰው ዝምታው ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ዓይንሽን ክፈቺ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ እከፍታለሁ።

አጎትሽ ዘሚካኤል


ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሩስተንበርግ

ጋሼ፣

በችኮላ ነው፤ ዮናስ ሻንጣውን ዘግቶ እየጠበቀኝ ነው። ሰላምታውን ባሳጥር ይቅር ይበሉኝ።

መንግሥት ያ የሚያውቁት መንግሥት አይደለም። በዚህ ወር ፊቱ ተለውጧል። በሩ ተዘግቷል፤ ከኋላ ካለችው ክፍል እምብዛም አልወጣም። ወረቀቴን ወስዷል፣ ስጠይቅ መልሱ «ጠብቂ» ነው። ሦስት ሳምንት ሰጥቶኛል፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ወደ መጣሽበት ነው ነገሩ። ጉልበቱን የሚያሳየው አቅም በሌለው ላይ ነው። ትናንትማ ከፊት ለፊት ያሉት አሮጊት፣ ማማ ዲኬሌዲ፣ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ባይጮሁልኝ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አላውቅም። እንባዬን የጠረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ ይገባኝ አልነበረም።

ለእማ እንዳይነግሯት። ፈርቻለሁ ጋሼ። ይጸልዩልን።

እድላዊት


ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሴቻ

ለልጄ፣ ለዓይኔ፣ ለእድላዊት፣

እግዚአብሔር ካንቺ አይለይ። 

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ደጅ ቆሜ ነው። ወረቀትሽን ወስዷል። በር ዘግቶብሻል። ጎረቤት ነው ያስጣለሽ። ስሙን እንኳ አልጠራሽውም፣ «ትንሹ» ለማለት እንኳ አቅም አጣሽ። ያን ዕለት ደወልኩልሽ። «እንዴት ነሽ?» ስልሽ «ደህና ነኝ ጋሼ» አልሽኝ፤ ከኋላሽ የወንድ ድምፅ ይጮሃል። «መንግሥትሽስ?» ስልሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ኧረ ይተዉኝ፣ ከፍቷል» አልሽ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ለእናትሽ ካምባ ለቅሶ አለብኝ አልኳት። ጋሽ ታምሩንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ተይው። ካምባ ስንደርስ ጋሽ ታምሩ ከሜዳው እርጥብ ሳር ነጨ፣ ለእያንዳንዳችን ሰጠን፤ አቶ ዳና ግቢ በር ላይ ሳሩን ይዘን ተንበረከክን። እኔ በዚህ ጉልበቴ።

አቶ ዳና ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ሳሩን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ተነሱ፣ የምን ጉድ ነው ይዛችሁብኝ የመጣችሁት?» አሉ።

«ልጅዎ የእህቴን ልጅ አስለቅሷል። አባት ካልገሠጸው ማን ይገሥጸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ የምገሥጸው ልጅ የለኝም። ሳልመርቀው ሄዷል። ድምፁንም አላውቀውም።»

ጋሽ ታምሩ ከመሬት ሳይነሳ፣ «ሳር ይዘን ነው የመጣነው። ሳርን ረግጦ ማለፍ ከቻልክ እለፍ» አላቸው።

እንደምታውቂው በእኛ ዘንድ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ማንም አያልፍም።  አቶ ዳና ሚስታቸውን ጠርተው «ስልኩን አምጪ» አሉ። ሴትየዋ ቁጥሩን ስትፈልግ ጣቷ እምቢ እያላት ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በጋሞኛ ነው የተናገሩት። «አባትህ ነኝ። የሰው ልጅ አስለቅሰሃል ተብዬ ሽማግሌ ደጄ ላይ ተንበርክኮብኛል። ለዚህ ነው ወይ የወለድኩህ?» አሉት። የእሱን መልስ አልሰማሁም። እሳቸው ግን የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ፣ ደግሞ ገሠጹት፣ ደግሞ አዳመጡ። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸውን ከእኛ አዙረው፣ «አምኗል። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ብሏል። ከእንግዲህ አይደግመውም» አሉን።

በገዛ አፉ አምኗል፣ ልጄ። ቢያምንም እኔ እንቅልፍ የለኝም። ሻንጣሽን አዘጋጂ። የአውሮፕላኑን ነገር ለእኔ ተይው። ሰው ምን ይላል የሚለውን ደግሞ ለሰው ተይው። ይህን ለዮናስ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ጥምቀትን እዚህ ውሎ ነው የሚመለሰው፣ ከዚያ በፊት የማምነው ሰው አላገኘሁም።

አጎትሽ ዘሚካኤል


የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሩስተንበርግ

ለአጎቴ፣ ለአባቴም ምትክ፣ ለጋሽ ዘሚካኤል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይቀመጡ፤ ቆመው አያንብቡት። ከተቀመጡም ወንበሩን ያዝ ያድርጉ።

እኔን የነካኝ የለም። ትልቁ መንግሥት ነበር። «ትልቁ» የምትለዋን ቃል ረሳሁ፤ ዮናስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያጣድፈኝ ረሳሁ።

በኅዳር በየሎኬሽኑ የሚሸጥ ምግብ ልጆችን መርዟል ተብሎ ነበር፣ የሞቱም አሉ። ከዚያ ሁሉም ትንንሽ ሱቅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይመዝገብ ተባለ፤ ያልተመዘገበ ይዘጋ ተባለ። የእኛም ተዘጋ። ወረቀቴን የወሰዱት ከማመልከቻው ጋር ነው፤ ደረሰኝ ሰጥተውኛል። ባርኮትን ያልጠራሁት ያን ሰሞን ከንጋት ጀምሮ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ስለሚውል ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው ሊዘርፉን ሲመጡ እሱ አልነበረም፤ ማማ ዲኬሌዲ እያንዳንዱን በእናቱ ስም እየጠሩ ሲያሳፍሯቸው ተበተኑ። በስልክ የሰሙት ድምፅ ደግሞ የባለ ሱቅ ጎረቤታችን ነው፤ ስለ ሰልፉ ሲያወራም ይጮሃል። እኔም የመሰለኝ ስለ ምዝገባው የጠየቁኝ ነው፤ ከፍቷል ያልኩት ለዚያ ነው። ደግሞ ጋሼ፣ ደብዳቤዬን ቢያዩት የመጨረሻው ቃል «ይጸልዩልን» ነው። «ይጸልዩልኝ» አላልኩም። እኔና እሱ ነን የፈራነው።

አሁን የታኅሣሡን ነገር ከዚህ በኩል ልንገርዎት። ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጠራ፤ የእናቱ ቁጥር ነው። «አባባ?» ብሎ ብድግ አለ። ሱሪውን አራገፈ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ፤ አባቱ ፊቱ የቆሙ ነው የሚመስለው። ከዚያ «አዎ አባባ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል፣ ደግሞ «አዎ፣ እውነትዎን ነው» ይላል። እንባው እየወረደ ፈገግ ይላል። የመሰለኝ ስለ ድሮው፣ ሳይመረቅ ስለ መውጣቱ ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ምን አሉህ ስለው «ገሠጹኝ» ብቻ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያፏጭ ነበር።

ክሱ ምን እንደነበረ ያወቅሁት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነው። ሚስጥራችንን አፈረስኩት፤ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ሰጥቼው አነበበ። ትንሹ መንግሥት የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ አልተቆጣም።

«አላስለቀስከኝም እኮ። ለምን አላደረግሁም አላልካቸውም?» አልኩት።

«አላደረግሁም ብላቸው፣ ‹እንግዲያው ደህና ዋል› ብለው ይዘጉት ነበር» አለኝ። «ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ ነው። ሰውን ገድለሃል ቢሉኝም አዎ እል ነበር።»

አባቱ ስልክ ከደወሉለት ከዚያን ቀን ወዲህ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውላሉ። በመጀመሪያ «ልጅቷን እንዴት ይዘሃል?» ብለው ይቆጡታል፣ እሱም ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ስለ እንሰቱና ስለ ላሟ ያወራሉ። አንድ ነገር እንድለምንዎት ልኮኛል። ወደ ካምባ ሄደው «ልጅዎ ንጹሕ ነው» እንዳይሉበት። «አባባ የሚደውሉበት ምክንያት ያጣሉ፤ ጥፋተኛ ሆኜ ልኑር» ይላል። እኔ አይሆንም አልኩት፤ ስምህ በሽማግሌ ፊት ጠፍቶ አይቀርም አልኩት። በዚህ ነገር ብቻ ተጣልተን አንድ ቀን ሙሉ ተኳርፈናል። የዳኘን ሰው የለም፤ እርስዎ ይፍረዱ።

ሱቁ ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። ምዝገባው ገና አላለቀም፤ ማመልከቻው ግን ተቀባይነት አግኝቶ ወረቀቴም ተመልሷል። ትልቁን መንግሥት በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ጋር ተኳርፏል፤ ፓርቲዎቹም በግብር ጭማሪው ላይ ሳይስማሙ ቀርተው የበጀቱ ቀን ተላለፈ። ማማ ዲኬሌዲ ዜናውን እየሰሙ «አሥር ሰው አንድ ድስት ሲያማስል እንዲህ ነው» ይላሉ።

ሻንጣዬን አላዘጋጅም፣ ጋሼ። ደስ ብሎኛል። እወደዋለሁ። ይህን ማንም ይክፈተው፣ ማንም ያንብበው።

ልጅዎ እድላዊት


መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሴቻ

ለእድላዊትና ለባርኮት፣ በአንድነት፣

የአባቶች አምላክ ቤታችሁን ይሙላ፣ ደጃችሁን ይክፈት፣ ክፉውን በሩቁ ይመልስ። ከዚህ ቀደም ለአንዲት ሰው ብቻ ነበር የምጽፈው፤ ያም ስህተት ኖሯል።

ሻንጣ አዘጋጂ ያልኩትን ሽሬዋለሁ። «ይጸልዩልን» የምትለዋን ቃል መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየኋት፤ እዚያው ነበረች። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሪፖርት በቀይ ሳርም የኖርኩ ሰው አንዲት «ን» አመለጠችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው። እናትሽ ነገሩን ስትሰማ ሁለት ቀን ሳታናግረኝ ቆይታ በሦስተኛው መሳቅ ጀመረች። እስካሁን ትስቃለች። የወጡም ጨው ተስተካክሏል።

ባርኮት፣ ልጄ፣ ልመናህ ደርሶኛል። ልታዘዝልህ አልቻልኩም። ሳር ይዞ በንጹሕ ሰው ላይ መክሰስ እኔ ላይ ያለ ጎሜ ነው፤ አንተን ለመጥቀም ብዬ ይዤው መቃብር አልወርድም። ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ብቻዬን ካምባ ሄድኩ።

አባትህ እንሰት መሃል ነበሩ። እጃቸውን ታጥበው መጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የትልቁን፣ የትንሹን፣ የረሳችውን ቃል። «ልጅዎ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። የጠበቅሁት ቁጣ ነበር። ወይም፣ አንተ የፈራኸውን፣ እንግዲያው ስልኩ በቃ ይሉኛል ብዬ ነበር።

«አውቄያለሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ልጄ አይደለም ወይ? ባርኮት በልጅነቱ እንስራ ሰብሮ ስብርባሪው እጁ ላይ እያለ ‹እኔ አይደለሁም› የሚል ነበር። ያጠፋውን አምኖ አያውቅም፤ እናቱ እያመነችው እኔና እሷን ያኮራርፈን የነበረው ይኸው ነው። ያን ቀን ገና ክሱን ሳልጨርስ ‹አዎ፣ አጥፍቻለሁ› ሲለኝ እንዳላጠፋ ገባኝ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ገሠጹት? እስካሁንስ በየእሁዱ ለምን ይቆጡታል?»

አቶ ዳና ወደ እንሰቱ ዞሩ።

«ምን ብዬ ልደውልለት?» አሉኝ።

አጎታችሁ ዘሚካኤል